ገንዘብና መዝገብ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሥልጠና፣ በጀትና ሪፖርት ከመርካቶ ሲታይ

የሀገራችን የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ በብዛት የሚነገረው የትምህርት ቤቶች መከፈት፣ የተማሪዎች ቍጥር ማደግና የፖሊሲዎች መለዋወጥ ነው። አስተማሪው የት ሠለጠነ? ደመወዙና ጠመኔው ከየት መጣ? ስለ ሥራውስ ለማን ሪፖርት ያቀርባል? የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ለየብቻቸው ይነሡ እንደ ሆነ እንጂ አንድ ላይ ሲመረመሩ ብዙ ጊዜ አይታይም። ይህ ጽሑፍ ሦስቱን አንድ ላይ አድርጎ ለመመልከት ይሞክራል። መመልከቻው ቦታም ሕዝቡ መርካቶ የሚለው የአዲስ ከተማ ሠፈር ነው። ዓመቶቹ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልግለጽ። ለትምህርት የሚውለው ገንዘብ የሚመጣበት በር በተለወጠ ቍጥር ትምህርት ቤቱ የሚጠየቀው ሪፖርትም አብሮ ተለውጧል። ሥልጠናው ግን ከሁለቱም ወደ ኋላ እየቀረ ነው የመጣው። የዚህም ውጤት እንደ መርካቶ ባለ፣ ሰው በማይረጋበት ሠፈር ከሌላው ቦታ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

መርካቶ የተመረጠበት ምክንያት አለው። ከጠላት ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ኢጣሊያኖች ከተማዋን በያዙበት ዘመን (ከ1928 እስከ 1933) ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ በሚያሰፍረው ፕላናቸው መሠረት የሀገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አሻገሩት። አዲሱ ሠፈር አዲስ ከተማ ተባለ፤ የገበያው ስም ግን በእነርሱው ቋንቋ መርካቶ እንደ ሆነ ቀረ። ጠላት ሲወጣ ገበያው ወደ አራዳ አልተመለሰም። እያደር ሰፍቶ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ምን አለሽ ተራ እየተባለ ተከፋፈለ። አውቶቡስ ተራም በአጠገቡ ስለ ሆነ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ሰው ለብዙ ዘመን መጀመሪያ የሚረግጠው መሬት የዚሁ ሠፈር ነበር።

ከዚህ የተነሣ በአካባቢው የሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን እንደ ገጠሩ ከታወቁ መንደሮች የሚቀበል አይደለም። የነጋዴ ልጅ፣ የተሸካሚ ልጅ፣ አጎቱ ዘንድ ተቀምጦ ቀን ሱቅ እየጠበቀ ማታ የሚማር፣ ጫማ እየጠረገ ለደብተር መግዣ የሚያጠራቅም፣ ሁሉም በአንድ መዝገብ ተጽፈው ይገኛሉ። በመስከረም የተመዘገበው በጥር አገሩ ሊገባ፣ እርሱ የለቀቀውን ቦታ ደግሞ በየካቲት ሌላ ልጅ ሊይዘው ይችላል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ ስለ ገንዘብ ስንናገር ይመለሳልና።

የመጀመሪያው በር ጉምሩክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ተምረው የመጡት ከሀገራቸው ስለ ሆነ በዚህ ምድር አስተማሪ ማሠልጠን የሚባል ጥያቄ ገና አልተነሣም። እርግጥ ነው፣ የቤተ ክህነቱ ትምህርት የራሱ የመምህራን ማፍሪያ መንገድ ነበረው። ዜማውን ከአንዱ፣ ቅኔውን ከሌላው፣ ትርጓሜውን ከሦስተኛው መምህር እየዞረ የተማረ ሰው በመጨረሻ ራሱ ወንበር ይዘረጋል። መተዳደሪያው ከደብሩ መሬትና ከተማሪው አገልግሎት ስለ ነበር ስለ ተማሪዎቹ ብዛት ለመንግሥት የሚጽፈው ነገር አልነበረም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲመጣ ግን ደመወዝ የሚከፍል ግምጃ ቤት መጣ፤ ግምጃ ቤት ባለበትም መዝገብ ይኖራል።

ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ተከፈተ። በተከታዩ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1926) ወደ ሀገር ከሚገባውና ከሀገር ከሚወጣው ዕቃ ላይ ለትምህርት የሚውል ልዩ ቀረጥ ተጣለ። እንግዲህ በባቡር የመጣው አቡጀዲ፣ በበቅሎ ተጭኖ የወጣው ቡናና ቆዳ ለትምህርት ቤት ይከፍል ነበር ማለት ነው። ገበያውና ትምህርት ቤቱ ከዚያ ወዲህ እንደዚህ በቀጥታ የተገናኙበት ጊዜ አይታየኝም። የትምህርት ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሆን ብላቴን ጌታ ሣህሌ ፀዳሉ መሩት። ትምህርት ቤቶቹ ጥቂቶች፣ አስተማሪዎቹም በብዛት የውጭ ሀገር ሰዎች ስለ ነበሩ ሥልጠናም ሪፖርትም ትልቅ ጉዳይ ሳይሆኑ ወረራው ደረሰ። ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላም ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ።

ከ1933 በኋላ ሁሉም እንደ ገና ከመሠረቱ ተጀመረ። አስተማሪ አልነበረም፤ ትምህርት ፈላጊው ግን በየደጁ ተሰልፏል። የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1944 በዚያው በምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ጉለሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ወደ ሐረር ተዛወረ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ቦታ መቀያየሩ ብቻ ሥልጠናው ምን ያህል በችኮላና በእንግድነት እንደ ቆመ ያሳያል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን ገና የጨረሰ ወጣት ጥቂት ሠልጥኖ ከእርሱ በጥቂት ዓመት የሚያንሱትን ልጆች እንዲያስተምር ይላክ ነበር። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ ከዚህ የተሻለ መንገድ በጊዜው አልነበረም።

ሁለተኛው በር መሬት ነው። በኅዳር 1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ቍጥር 94 በመሬት ላይ ለትምህርት የሚሆን ግብር ጣለ። በየጠቅላይ ግዛቱም የትምህርት ቦርድ እንዲቋቋም ተደረገ። ከመሬቱ የተሰበሰበው ገንዘብ ለዚያው ጠቅላይ ግዛት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታሰበ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ከፋዩ ገንዘቡ የት እንደ ገባ በዓይኑ ሊያይ ይችላልና። ነገር ግን ግብሩ በጋሻና በመሬቱ ለምነት የሚሰላ ስለ ሆነ ዓይኑ ወደ ገጠር ነው። የመርካቶ ሀብት በጋሻ አይለካም። ሀብቱ በሱቅ፣ በመጋዘን፣ በዱቤ ደብተርና በሰው አመኔታ ላይ ነው። የሀገሪቱ ትልቁ ገበያ ካጠገቡ ላለው ትምህርት ቤት የሚከፍለው በስም የተለየ ግብር አልነበረም። ልጆቹ የሚማሩት ከማዕከሉ ግምጃ ቤት በሚወጣ ገንዘብ ነበር።

ቦርድ የሚጠይቀው ሪፖርት በባሕርዩ የገቢና የወጪ ሪፖርት ነው። ምን ያህል ተሰበሰበ? ምን ያህል ለደመወዝ፣ ምን ያህል ለእንጨትና ለቆርቆሮ ዋለ? ትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር በ1940ዎቹ ያሳተማቸው የዓመት መጻሕፍት ደግሞ ሌላ ዓይነት ሪፖርት ናቸው። የትምህርት ቤቶችን፣ የአስተማሪዎችንና የተማሪዎችን ቍጥር ለመንግሥትና ለውጭ ወዳጆች ያሳያሉ። ሁለቱ ዓይነት ሪፖርቶች አንድን ትምህርት ቤት ለሁለት ልዩ ልዩ ዓይኖች እንደሚያቀርቡት ልናስተውል ይገባናል።

ከዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ወጣ ልበል። የመርካቶ ነጋዴ ለትምህርት አልከፈለም ማለት ትልቅ ስሕተት ይሆናል። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የጉራጌን መንገዶች ለመሥራት ድርጅት አቋቁመው ገንዘብ አዋጡ፤ ከመንገዱም ጋር ትምህርት ቤት ተከተለ። በመርካቶ ጠረጴዛ ላይ የተቈጠረው ብር ወደ ወልቂጤና ወደ እምድብር አቅጣጫ ሄደ። ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ በገበያው ይውላል፣ ለመስቀል አገሩ ይገባል፣ የሚያስበውም የወንድሙን ልጅ ነው። ያንኑ የወንድሙን ልጅ ደግሞ ካደገ በኋላ ወደ መርካቶ ያመጣውና ማታ ትምህርት ቤት ያስገባዋል። እንግዲህ መዋጮው የትኛውን ትምህርት ቤት ረዳ ይባላል? የሪፖርት ቅጽ ይህን አይጠይቅም።

በዚያው ዘመን የአስተማሪ እጥረት እጅግ በረታ። በሁለተኛ ደረጃ የህንድ አስተማሪዎች በብዛት ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጡ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኛዎቹም በማስተማር። ሥልጠናው እነዚህን ሁሉ ተከትሎ መድረስ አልቻለም።

አስተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1949 ማኅበር አቋቁመው ነበር። የደመወዝና የዕድገት ጥያቄያቸው ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል ቆየ። ከዚያም የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለው መጣ። ጥናቱ የተሠራው በባለሙያዎችና በውጭ ድርጅቶች ርዳታ ሲሆን፣ ብዙ ልጅ በትንሽ ገንዘብ ለማስተማር አጭር መሠረታዊ ትምህርትን፣ ፈረቃንና ብዙ ተማሪ የሚይዝ ክፍልን የሚያስቀድም ነበር። አስተማሪው ሸክሙ እንደሚጨምርና ደመወዙ እንደማይሻሻል አነበበበት፤ ወላጁም የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ የታሰበ አድርጎ ተረጐመው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. አስተማሪዎች ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አድማ መቱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ መንግሥቱ ጥናቱን ማገዱን አስታወቀ።

በእኔ አስተያየት ይህ አድማ ማንም ሳይጠይቀው ከታች ወደ ላይ የቀረበ የመጀመሪያው ትልቅ የአስተማሪዎች ሪፖርት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ አስተማሪው ሪፖርት የሚጽፉት ሌሎች ነበሩ። የገንዘቡን ዕቅድ ያወጡት ሰዎች የክፍሉን ውሎ አስተማሪውን ጠይቀው አልተረዱም፤ ይህም ለዘውዱ መንግሥት መውደቅ ከተቀጣጠሉት እሳቶች አንዱ ሆነ።

የደርግን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በአዋጅ ቍጥር 103 (እ.ኤ.አ. 1976) ትምህርት ቤቶች በሕዝብ በተመረጠ ኮሚቴ እንዲተዳደሩ ተደረገ፤ ቀበሌውም በትምህርት ቤቱ ጉዳይ ገባበት። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዓለም የተመሰገነ ነበር። ሪፖርቱ ግን ሁልጊዜ የቍጥር ሪፖርት ሆነ፤ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ሰው ማንበብ ቻለ የሚል። በመርካቶ ከገንዘብ መዋጮው ይልቅ የሚታወሰው ፈረቃው ነው፤ ጠዋት የገባው ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ሌላው ይገባል፣ ማታ ደግሞ የሱቁ ልጅ በዚያው ወንበር ይቀመጣል።

ሦስተኛው በር የተማሪው ራስ ነው፤ በዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ አስተዳደሩ ወደ ክልሎች፣ ኋላም ወደ ወረዳዎች ወረደ። በ1994 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የአመራር፣ የአደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድንና የወላጅ መምህር ኅብረትን ሥልጣን ወሰነ። የወረዳው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚያልቅ ለጠመኔና ለመጻሕፍት የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በዓለም ባንክና በሌሎች መንግሥታት ርዳታ፣ ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቍጥር የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ አመጣ። ሲጀመር ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላለ ተማሪ 50 ብር፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ላለው 55 ብር በዓመት ይታሰብ ነበር። ገንዘቡ ለደመወዝ የማይውል፣ ለማስተማሪያ መሣሪያና ለትምህርት ቤቱ መሻሻል ብቻ የሚወጣ ነው።

በጎነቱን መካድ አይገባም። ብዙ ዲሬክተሮች ዓመቱን ሙሉ ለወረዳ ሲያመለክቱበት የነበረውን ትንሽ ዕቃ በራሳቸው ኮሚቴ ውሳኔ መግዛት ቻሉ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የስም መጥሪያው መዝገብ የገንዘብ ሰነድ ሆነ።

የተማሪ ቍጥር የሚሰበሰበው በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ በሚሞላ ቅጽ ነው። ቅጹ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ቢሮና ወደ ሚኒስቴሩ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በዓመታዊው የትምህርት ስታቲስቲክስ መጽሐፍ አንዲት ቁጥር ውስጥ ይገባል። አሁን ቀደም ብዬ ልብ ይባልልኝ ያልኩትን እናስታውስ። አንድ ትምህርት ቤት በመስከረም 1,000 የመጀመሪያ እርከን ተማሪ ቢመዘግብ በዚያ ስሌት 50,000 ብር ያገኛል። እስከ ጥር 80 ልጆች ቢሄዱና 80 ሌሎች ቢመጡ ቍጥሩ አይለወጥም፤ ነገር ግን 80 ልጆች አቋርጠዋል፣ 80 ልጆች ደግሞ የግማሽ ዓመት ትምህርት አልፏቸዋል። 80 ሄደው ማንም ባይመጣ ዲሬክተሩ የ4,000 ብር እውነት በእጁ አለ። ቢጽፈው በሚመጣው ዓመት ትምህርት ቤቱን ይጎዳል፤ ባይጽፈው መዝገቡ ይዋሻል። 80 ቢመጡና ማንም ባይሄድ ደግሞ ያልተከፈለባቸውን ልጆች ያስተምራል። በገጠር እነዚህ ሁኔታዎች በአዝመራ ወራት ይታያሉ፤ በመርካቶ ግን ዓመቱ ሁሉ አዝመራ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1862 በሮበርት ሎው አማካይነት የወጣው ደንብ የመንግሥትን ድጎማ በተማሪው በክፍል መገኘትና በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ፈተና ማለፍ ላይ መሠረተው። «እንደ ውጤቱ መክፈል» ይባል ነበር። ባለቅኔውና የትምህርት ቤት ኢንስፔክተሩ ማቲው አርኖልድ ትምህርቱን ወደ ድርቅ ሽምደዳ የሚለውጥ ነው ብሎ አጥብቆ ነቀፈው። ደንቡ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ተሻረ። የእኛ ድጎማ በፈተና ውጤት ላይ አልተመሠረተምና ከሎው ደንብ የዋህ ነው፤ ሆኖም የመዝገቡን ነገር በተመለከተ ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

መዝገቡ ከዚያ ወዲህ ሌላም ሥራ ተጨመረለት። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምገባ፣ ደንብ ልብስና ደብተር መስጠት ሲጀምር ያው ስም ዝርዝር የእንጀራና የልብስ ዝርዝር ሆነ። በዚህ ሠፈር ላሉ ልጆች ምገባው ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ በእንቅልፍ ነው የሚያሳልፈው። ደግሞም ምገባው ለመዝገቡ አንድ ያልታሰበ ጥቅም አምጥቷል። ስም ጠሪው ቢሳሳት ወጥ ቤቷ አትሳሳትም፤ ስንት ሳህን እንደ ወጣ ታውቃለች።

ሥልጠናውስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስገርመው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፋው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ አሠራር እያንዳንዱ አስተማሪ በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠለጥንና የሠለጠነበትን ማስረጃ በማኅደር እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል። ሐሳቡ አስተማሪው ከባልደረባው እንዲማር፣ ክፍሉን ራሱ እንዲመረምር ነው። በተግባር ግን ማኅደሩ ሥልጠናውን ተካው። ኢንስፔክተር ሲመጣ የሚያየው ማኅደሩን ስለ ሆነ አስተማሪው ጊዜውን የሚያጠፋው ማኅደሩን በመሙላት ነው። ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን 26 ስታንዳርዶች ወጥተውለት ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል፤ ለእያንዳንዱም ስታንዳርድ ማስረጃ ይፈለጋል። ሥልጠና ራሱ ሪፖርት ሆነ ማለት ነው። እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሪፖርት የሚጽፍ ጸሐፊ ነበር፤ አስተማሪዎቹ ከሰዓት በኋላ የተማሪ ደብተር ያርሙ ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ሰው ነው።

የመምህራን ኮሌጆች ሥነ ትምህርትንና የሚያስተምሩበትን ዓይነት ያስተምራሉ። ሒሳብ መያዝ፣ ግዥ መፈጸም፣ የተማሪን መምጣትና መሄድ መከታተል፣ ያቋረጠ ልጅ የት እንደ ደረሰ መጠየቅ ግን አስተማሪው ከሥራው ላይ በልምድ የሚማራቸው ናቸው። የጥራት ማሻሻያው ፕሮግራም ለአመራር ሥልጠናና ለመረጃ አያያዝ ገንዘብ መድቦ እንደ ነበር አይዘነጋም። ሥልጠናው የደረሰው ግን በብዛት ዲሬክተሩና የቢሮው ባለሙያ ዘንድ ነው፤ ዲሬክተር ደግሞ ይዛወራል።

ለታሪክ ተማሪ ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበው አንድ ነገር አለ። እኛ ስለ 1940ዎቹና ስለ 1950ዎቹ ስንጽፍ የምንመካው በዓመት መጻሕፍትና በአዋጆች ነው፤ እነዚህ ሁሉ ከላይ የተጻፉ ናቸው። ከታች የተጻፉት የስም መጥሪያው፣ ሮስተሩ፣ የማታው ተማሪ መመዝገቢያና የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ናቸው። በስም መጥሪያው ዳር አስተማሪው በእርሳስ «አገሩ ገባ»፣ «ታመመ»፣ «ሥራ ጀመረ» ብሎ ከጻፈ፣ የመርካቶ ልጅ ለምን ትምህርቱን እንዳቋረጠ የሚነግረን ሌላ ጽሑፍ የለም። ቅጹ የሚጠይቀው ድምሩን ብቻ ስለ ሆነ ይህ የዳር ማስታወሻ ወደ ወረዳው አይሄድም። በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ተከምሮ ይቀራል፤ ቤቱ ሲታደስ ወይም ትምህርት ቤቱ ሲዛወር ከአሮጌ ወረቀት ጋር ይወጣል። በመርካቶ አሮጌ ወረቀት ገዢ አያጣም፤ ቅመምና ዕጣን ይጠቀለልበታል። ይህን መጽሔት የሚያነቡ የታሪክ ክፍል ጓደኞቼ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲመርጡ፣ ዩኒቨርሲቲውም ከከተማው ትምህርት ቢሮ ጋር ሲነጋገር፣ ከ1966 በፊት የነበሩት መዝገቦች በየትኛው ዕቃ ቤት እንዳሉ አስቀድሞ ዝርዝር ቢወጣላቸው መልካም ነው።